ጠርዙ የጠቆረ መጽሐፍ

ከድሬዳዋ የወጣሁት ሊነጋ ሲል ነው። ሻንጣዬን ዋዜማውን ስላሰናዳሁ የቀረኝ ጫማዬን ማሰር ብቻ ነበር፤ እሱን ግን እየፈታሁ እያሰርኩ ግማሽ ሰዓት ፈጀሁበት። ባለቤቴ ፋይዛ ለመንገድ የጠቀለለችልኝን ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ይዛ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። እኔ የልጄን የሰሚራን መጋረጃ ገለጥ አድርጌ አያለሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። የተኛ ሰው አተነፋፈስ አውቃለሁ፤ የሷ አተነፋፈስ የተኛ ሰው አልነበረም። ልቀስቅሳት ብዬ እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት። "ተዋት፣ ትምህርት አላት" አለችኝ ፋይዛ። ሰበብ በማግኘቴ ደስ አለኝና ወጣሁ። ከዚያ መናኸሪያ እስክደርስ ድረስ፣ ባጃጁ ውስጥ፣ ደህና ሁኚ ያላልኳት ለምን እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ ሄድኩ።

እናንተ ድሬ ያላችሁ ታውቁኛላችሁ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ፍሪጅ ስጠግን ነው የኖርኩት። በዚያ ሙቀት ፍሪጅ የሚጠግን ሰው ሥራ አጣ ቢባል ማን ያምናል? እኔም አላመንኩም ነበር፣ የምሠራበት ቤት ባለቤት ቤቱን ሸጦ ልጆቹ ዘንድ ውጭ አገር እስኪሄድ ድረስ። የራሴን ልክፈት ብዬ ላይ ታች አልኩ፣ አልሆነም። አንድ የድሮ ባልደረባዬ ሀዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል የማቀዝቀዣ ክፍሉን የሚከታተልለት ሰው እንደሚፈልግ ነገረኝ። ሦስት ወር ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ ሄድኩ። ይኸው አሥራ አራተኛ ወር ይዣለሁ።

ስደት ማለት ባሕር መሻገር ነው የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ እኔ ባሕር አላቋረጥኩም፤ ፓስፖርትም የለኝም። አዳማ አድሬ፣ በነጋታው በዝዋይና በሻሸመኔ በኩል አድርጌ ሀዋሳ ገባሁ፣ በቃ። ግን የመጀመሪያ ቀን ማታ ጃኬት ላይ ጃኬት ደርቤ መንገድ ላይ ቆሜ፣ አጠገቤ ያሉ ሁለት ሰዎች "ዘንድሮ ሙቀቱ አልተቻለም" ሲባባሉ ስሰማ፣ የት ነው የመጣሁት አልኩ። ሙቀት ይሉታል ይሄን። ድሬ በዚህ አየር ሰው ብርድ ልብስ ይገዛል።

ቤት ያገኘሁት አዲስ ከተማ የሚባል ሰፈር ነው፣ አንድ ክፍል፣ ግቢ ውስጥ። አከራዬ አቶ ታምራት ይባላሉ፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አሁን "ናቸው" የምላችሁ ከተማርኩ ወዲህ ነው። የመጀመሪያ ቀን እንደ አገሬ "ቤቱን ታሳየኛለህ?" አልኳቸው። እኛ ዘንድ አያትህንም አንተ ነው የምትለው፣ ያውም ስትወደው። አቶ ታምራት ዞር ብለው ከኋላቸው ሰው መኖሩን አዩ።

"እኔን ነው?"

"አዎ አቦ፣ አንተን።"

"ከየት ነህ?"

"ከድሬ።"

"እ" አሉ፣ ሐኪም የበሽታውን ስም ሲደርስበት እንደሚለው። ከዚያ ጥያቄው ወረደ። ጫት ትቅማለህ ወይ አሉኝ፤ አልፎ አልፎ አልኳቸው፤ ድሬ አልፎ አልፎ የሚባል ነገር አለ ወይ አሉኝ። ሚስትህስ? ድሬ። ልጅስ? እሷም ድሬ። ታዲያ አንተ እዚህ ምን ታደርጋለህ? ፍሪጅ እሠራለሁ። ጥቂት አሰቡና "እኛ እኮ ፍሪጅ የለንም" አሉኝ፣ ለእሳቸው ብዬ የመጣሁ ይመስል። ቤቱን ግን አከራዩኝ።

መታወቂያ ለማውጣት ቀበሌ የሄድኩ ጊዜም እንደዚሁ ነው። ከድሬ ያመጣሁትን መሸኛ ጸሐፊው አገላብጦ አየና ለምን እንደለቀቅኩ አይገልጽም አለኝ። ለሥራ ነው አልኩት። "እሱን ወረቀቱ ነው መናገር ያለበት እንጂ አንተ አይደለህም" አለኝ። ሄጄ አጽፌ ልምጣ ማለት ነው? ሁለት ቀን መሄጃ፣ ሁለት ቀን መመለሻ። ወረቀቱ የማያውቀውን እኔ አውቃለሁ ብዬ ብለምነው ወይ ፍንክች። በኋላ ፋይዛ አጽፋ በሰው ላከችልኝ።

ሰዎቹ ክፉ ሆነው እንዳይመስላችሁ። ሆቴሉ ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩት ጥሩ ልጆች ናቸው። እርስ በርሳቸው በሲዳሙ አፎ ያወራሉ፣ ይስቃሉ፤ እኔ ስገባ ወዲያው ወደ አማርኛ ይዞራሉ። ለእኔ ብለው ነው፣ ይገባኛል፤ ግን ሲዞሩ ሳቁ እዚያኛው ቋንቋ ውስጥ ይቀራል። ጠዋት "ኬሬ" ይሉኛል፣ "ኬሬ" እላለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ቃል ያልቅብኛል። ምሳ ላይ ዓሣ አለ፣ እንደ ልብ። ጥሬውን በዳጣ የሚበሉም አሉ። እኔ ግን አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ፉል አማረኝ፣ የግመል ወተት አማረኝ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ያየኝ ሰው ዳጣው አቃጥሎት ነው ብሎ ውሃ አመጣልኝ።

ከሁሉ የከፋው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሥራዬ የሚያልቀው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ድሬ በዚያ ሰዓት ምን እንደሚሆን አታውቁም እንዳልል ታውቃላችሁ፤ ከተማው ሁሉ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ነው፣ ጥላ ተፈልጎ፣ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ አንዱ ያወራል ሌላው ይቀበላል፣ ትናንት የተወራው እንደገና ይወራል። እኔ ቅጠሉ አልናፈቀኝም፣ ወላሂ። ወሬው ነው የናፈቀኝ። እዚህ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚያናግረኝ አምፖሉ ነበር።

ለቤት መደወል አለ ትሉኝ ይሆናል። እሑድ እሑድ እደውላለሁ። ከፋይዛ ጋር ስለ ቤት፣ ስለ ዘመድ እናወራለን። ከሰሚራ ጋር ግን ወሬው ያልቅብን ነበር። ደህና ነሽ? ደህና። ትምህርት እንዴት ነው? ጥሩ ነው። ውጤትስ? ጥሩ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፣ ጎበዝ ናት፣ አንደኛ ትወጣለች። ሌላ የምጠይቃት ነገር አጥቼ "በርቺ" እላታለሁ። ስልኩን ስዘጋ አንድ ደቂቃ አይሞላም። አንድ ልጅ ናት ያለችኝ፤ በየሳምንቱ አንድ ደቂቃ ሳትሞላ እያለቀችብኝ እንደሆነ ይታወቀኝ ነበር፣ ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም።

እንዲህ ባለሁበት ነው አንድ ቀን የሆቴሉ ወጥ ሠሪ፣ እሷ ሰፈር ፍሪጅ የተበላሸባት ባለሱቅ አለች ብላ የላከችኝ። እትዬ ዘህራ ትባላለች፤ የስልጤ ሰው ናት፣ ስድሳ ዓመት ይሆናታል፣ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ለስላሳ ትሸጣለች። ከሱቁ በስተጀርባ ደግሞ አንድ ግድግዳ ሙሉ መጽሐፍ አላት፤ ታከራያለች። ሁሉም በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ተለብጠዋል፤ ርዕሳቸው አይታይ፣ ሥዕላቸው አይታይ፣ አንዱ ጥር ነው አንዱ ነሐሴ ነው።

ስገባ ፍሪጁ ውስጥ የጋገረውን በረዶ በቢላ ትወጋለች። እጇን ያዝኳት። "አቦ አንቺ፣ ቱቦውን ከበሳሽው አለቀለት እኮ። በራሱ ይቅለጥ፣ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው።" ካልኩ በኋላ አንቺ ማለቴ ትዝ አለኝና ይቅርታ ጠየቅኩ። የሚመችህን በል አለችኝ፤ ባሌ ሲናደድ ብቻ ነበር አንቱ የሚለኝ፣ አንቱታ ሲሰማኝ ያስደነግጠኛል አለችኝ። ሀዋሳ ውስጥ አንቺ የምላት አንድ ትልቅ ሰው አገኘሁ ማለት ነው። ደስ ስላለኝ ወሬ ጀመርኩ። ስለ ድሬ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ኮምፕረሰር፣ ስለ አቶ ታምራት። ግማሽ ሰዓት እንደታገሰችኝ ተነሥታ ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ መዝዛ እጄ ላይ አኖረች።

"ድሬው፣ ያዝ። በረዶው እስኪቀልጥ ይሄን አንብብና እኔ ልሥራበት።"

ልንገራችሁ፣ አርባ አራት ዓመቴ ነው፣ ከዚያ ቀን በፊት አንድ መጽሐፍ ለራሴ ብዬ አንብቤ አላውቅም። ትምህርት ቤት ያነበብነው ለፈተና ነው። ስለዚህ እንደ ተማርኩት ጀመርኩ፤ የማተሚያ ቤቱን ስም አነበብኩ፣ ምስጋናውን አነበብኩ፣ ደራሲው ያመሰገናቸውን ሰዎች ስም ሁለት ጊዜ አየሁ፣ ይጠየቃል ብዬ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲያልቅ ገጹን ገልብጬ ጥያቄዎቹን ፈለግኩ። የሉም። ሌላ ምዕራፍ ነው ያለው። ታዲያ ማንበቤን ማን ያውቃል?

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሰዎችን በጀልባ ከወንዝ ወዲህ ወዲያ የሚያሻግር አንድ ቀዛፊ አለ። አንዲት እናት ትመጣለች፤ ማዶ ለሥራ የሄደ ልጇን ልትጠይቅ ነው፣ ስንቅ ይዛለች። ልጇ ሞቷል። ቀዛፊው ያውቃል፤ የቀበረውም እሱ ራሱ ነው። አፉ ግን እምቢ አለው። ዛሬ ነፋስ አለ ይላታል። በማግስቱ ጀልባዋ ታፈሳለች ይላታል። በሦስተኛው ቀን መቅዘፊያውን ጭድ ውስጥ ይደብቅና ተሰረቀብኝ ይላታል። እኔም፣ ንገራት እንጂ አንተ ሰው፣ ንገራት እያልኩ፣ እግሬን የሚቀዘቅዘኝ ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ አንድ ገጽ፣ ሌላ ገጽ፣ ሌላ ገጽ። የፍሪጁ ውሃ ነው። ከሥሩ ያስቀመጥኩት ሳፋ ሞልቶ ሱቁን አጥለቅልቆታል፤ መሬት ላይ የነበረ አንድ እሽግ ደብተር ርሷል። ሃያ ዓመት በሠራሁበት ሙያ እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም።

እትዬ ዘህራ ትቆጣለች ስል ቆማ አየችኝ፣ ከዚያ የያዝኩትን መጽሐፍ አየች። ደብተሮቹን እንዳደርቅ፣ መጽሐፉን ግን ወስጄ ጨርሼ ምን እንደሚል መጥቼ እንድነግራት አዘዘችኝ። ያንቺ አይደለም እንዴ፣ አታውቂውም ወይ አልኳት።

"እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። መጽሐፉ የባሌ ነው፣ የለበጠውም እሱ ነው።"

"ታዲያ ይሄኛውን በምን አውቀሽ ሰጠሽኝ?"

መጽሐፉን ተቀብላኝ፣ ጨምቃ ይዛ፣ ገጾቹ የሚገለጡበትን ጠርዝ ወደ ብርሃኑ አዞረችልኝ። ጠርዙ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው። "ይሄ የሰው እጅ ነው" አለችኝ። "እስከ መጨረሻ ከጠቆረ ሰው ጨርሶታል። እዚህ ጋ ጠቁሮ ከዚያ ወዲያ ነጭ ከሆነ፣ እዚህ ጋ ጥለውት ሄደዋል። እኔ እሱን አይቼ ነው የምሰጠው፤ እስካሁን ያማረረብኝ የለም።"

እንግዲህ እኔ መጽሐፍ መምረጥ የተማርኩት ፊደል ከማታውቅ ሴት ነው። ያን ቀን ማታ ጨረስኩት። በማግስቱ ሄጄ ሱቁ በር ላይ ባለው ሳጥን ላይ ተቀምጬ ነገርኳት። እሷ ደብተር ትሸጣለች፣ መልስ ትሰጣለች፣ ወደ እኔ አታይም፤ ግን ቦታ ዘልዬ ብናገር መልሳ ታስይዘኛለች። ኪራዩ ይሄ ሆነ፤ አነባለሁ፣ እነግራታለሁ፣ ሌላ እወስዳለሁ። እውነቱን ለመናገር በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለግማሽ ሰዓት ነው። ከዚያ ሰላምታዋም አጭር ነው፣ ሱቋን ትዘጋለች፣ ወደ ልጆቿ ትሄዳለች፣ እኔም ወደ ክፍሌ።

አቶ ታምራት አምፖሉ ቶሎ አለመጥፋቱ አሳስቧቸው አንድ ምሽት በሩን አንኳኩ።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"እያነበብኩ ነው።"

"ፈተና አለህ?"

"የለኝም።"

"ታዲያ?"

"ታሪኩ ምን ላይ እንደሚደርስ ልወቅ ብዬ ነው።"

"አውቀህስ?" አሉኝ። ፈተና የሌለው ሰው መብራት የሚያበራበት ምክንያት አልገባቸውም። ሲቅም የተያዘ ሰው እንኳ የማያፍረውን ያህል አፈርኩ።

ማንበብ ብቸኝነትን ያስረሳል የሚል ሰው ካገኛችሁ ከእኔ ጋር አገናኙኝ። እያነበብክ እያለህ፣ አዎ፣ ትረሳለህ። ከዚያ አንድ ልብ የሚነካ ቦታ ትደርሳለህ፣ ቀና ትላለህ፣ "አቦ ስማኝ እስቲ" ልትል። ማንም የለም። አንድ እሑድ አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ተቀምጬ እያነበብኩ፣ አንድ ነገር በጣም አሳቀኝና ቀና ስል አጠገቤ የቆመው አባ ኮዳ የሚሉት ረጅም ወፍ ነው፤ የዓሣ ትራፊ ይጠብቃል። ለሱ ነገርኩት። አንገቱን ቀብሮ ሰማኝና፣ የምሰጠው ዓሣ እንደሌለኝ ሲገባው ሄደ። ድሬ እያለሁ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም ነበር፤ እዚህ ብቻዬን መሆኔን ያወቅኩት ግን መጽሐፍ ካነበብኩ በኋላ ነው።

የእትዬ ዘህራም ዘዴ ሁልጊዜ አይሠራም። አንድ ጊዜ ጠርዙ መሐል ድረስ ጠቁሮ ከዚያ ወዲያ ነጭ የሆነ መጽሐፍ በእልኸኝነት ወሰድኩ። ሰው የጣለበት ቦታ ላይ ስደርስ እውነትም አሰልቺ ነው፣ ገጠር ውስጥ ስለ መሬት ክርክር ሠላሳ ገጽ ያወራል። ታገስኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን፣ እንዴት ልንገራችሁ፣ አንድ አዛውንት ከሚስቱ መቃብር ጋር የሚነጋገርበት አለ፤ አነበብኩና አለቀስኩ። ያን ሁሉ ነጭ ገጽ በእጄ አጠቆርኩት። ከእኔ በፊት እዚያ የደረሰ ሰው አለመኖሩን ሳስብ ኩራትም ብርድም ተሰማኝ። እትዬ ዘህራ ስነግራት መጽሐፉን ከታችኛው መደርደሪያ ወደ ላይኛው አወጣችው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሦስት ወር እንዳነበብኩ አንድ መጽሐፍ ወሰድኩ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተቀባበሉት ነው፣ ዳር ዳሩ ላይ "ወንድሟ ነው የከዳት" እያሉ ጽፈውበታል። እሱን ታገስኩ። መጨረሻው አካባቢ ስደርስ ግን አንድ ቅጠል ተቀድዷል። ልጅቷ ደብዳቤውን ልትከፍት ስትል ገጹ የለም። ብቻዬን ተነሥቼ ቆምኩ። "ይሄን የቀደደ ሰው እጁ ይሰበር" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ወዲያው እጄን አየሁት።

ሰሚራ ዘጠነኛ ክፍል እያለች ነው። የፈተና ሳምንት ነበር። ከሥራ ስገባ ፊዚክስ ደብተሯን ዘርግታለች፣ ደብተሩ ላይ ግን ልብወለድ አለ። አፏ ትንሽ ተከፍቷል፣ መግባቴን አልሰማችም። ነጠቅኳት። ተረት ነው በፈተና ሰዓት አልኳት። የጓደኛዬ ነው አባ፣ ልመልስላት አለችኝ፤ አልሰጠኋትም። ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ሳምቡሳ ለምትጠብሰው ሴትዮ ለመጠቅለያ ሰጠኋት። ረመዳን ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ ገዝቼ ገባሁ። ፋይዛ ወረቀቱን ፈታች። ሰሚራ ወረቀቱን ከሳህኑ ላይ አነሣችው፣ በመዳፏ ዘርግታ አስተካከለችው፣ ዘይት የጠጣውን ገጽ ፊትና ጀርባውን አነበበችው። አጣጥፋ ጎኗ አስቀመጠችው፤ ሳምቡሳውን አልነካችም። እኔ ሁለት በላሁ፣ አስታውሳለሁ፤ ጥሩ ሳምቡሳ ነበር።

ያንን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። የተኛች መስላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችውም፣ ስልኩ ላይ ወሬ ያጣነውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ያን ምሽት ግን ከዚያ ሌላ ምክንያት ሊታየኝ አልቻለም።

በማግስቱ እትዬ ዘህራ ጋ ሄጄ መጽሐፍ መፈለግ ጀመርኩ። ያንኑ መጽሐፍ። ርዕሱን አላውቀውም፣ ደራሲውን አላውቀውም፤ የማስታውሰው አረንጓዴ ሽፋንና የቤት መስኮት ሥዕል ነው። እዚያ ቤት ያለው ሁሉ ደግሞ ጥርና ነሐሴ ለብሷል። የአንዱን ልባጭ ጫፍ ገልጬ ሳይ፣ የሌላውን ስገልጥ፣ እትዬ ዘህራ መጥታ እጄን መታችኝ።

"ባሌ የለበጠውን አትግፈፍብኝ።"

ነገርኳት። ሳምቡሳውን ሳይቀር ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ደንበኛ አቁማ ሰማችኝ። አዝናልኝ ታጽናናኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን "ልጅህ ምን ትወዳለች?" አለችኝ። ፊዚክስ ጎበዝ ናት አልኳት። እሱን አይደለም፣ ምን ዓይነት ታሪክ ነው የምትወደው አለችኝ። የጫማ ቁጥሯን አውቃለሁ። ማንጎ በበርበሬ እንደምትወድ አውቃለሁ። ምን ስታነብ አፏ እንደሚከፈት አላውቅም፤ ገልብጬ ርዕሱን እንኳ አላየሁትም።

እትዬ ዘህራ ብዙ ካሰበች በኋላ ያን የቀዛፊውን መጽሐፍ አወረደችው፣ ጠርዙን አየችው፣ በቀሚሷ ጠራረገችው። ስትሸጥ አይቻት አላውቅም፣ ታከራያለች እንጂ። ድሬ የሄደ መጽሐፍ አይመለስም አልኳት። "አውቃለሁ" አለችና ሰጠችኝ። ሆቴላችን ያደረ አንድ ሾፌር በማግስቱ ወደ ድሬ ይመለስ ስለነበር በሱ ላክሁት። መጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ነገር ልጽፍ ብዬ ብዙ ተቀመጥኩ። የጻፍኩት "ለሰሚራ፣ ከአባትሽ" ብቻ ነው።

እሑድ እኔ ሳልደውል ስልኬ ጮኸ። ሰሚራ ናት። ራሷ ደውላ አታውቅም።

"አባ፣ መጽሐፉ ደርሶኛል።"

"ጀመርሽው?"

ከኋላዋ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል፤ የሰፈሬ ባጃጅ።

"እኔ እኮ ልብወለድ ማንበብ ትቻለሁ" አለችኝ። "ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ።"

ልትወቅሰኝ ብላ አልነበረም የተናገረችው፤ ወተት አይስማማኝም እንደሚባለው ነው የነገረችኝ። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ግድግዳው ላይ ዓይኔን ተክዬ፣ "እሺ፣ እኔ ልንገርሽ?" አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። እትዬ ዘህራ ፊት የለመድኩት ስለሆነ ይሆናል። "ንገረኝ" አለችኝ።

ጀመርኩ። ስለ ወንዙ ነገርኳት፣ ስለ እናትየዋ ስንቅ፣ ስለ ነፋሱ ሰበብ፣ ጭድ ውስጥ ስለተደበቀው መቅዘፊያ። መቅዘፊያው ጋ ስደርስ ትንሽ ሳቀች፤ እኔም እሳት ሆንኩ፣ የድሬ ምላሴ ተመለሰ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እንደ በርጫው ቀን አወራሁ። ጀልባዋን ወደ ውሃው መሐል ወሰድኳት። ቀዛፊው መቅዘፍ አቁሞ፣ ልጅሽን እኔ ነኝ የቀበርኩት የሚልበት ቦታ ስደርስ ከዚያ ማለፍ አቃተኝ። መጽሐፉን ተውኩት። "ሰሚሬ" አልኳት፣ "ያን የጓደኛሽን መጽሐፍ እኔ ነኝ ለሳምቡሳ የሰጠሁት። ስታነቢው አይቼ ነበር ወረቀቱን። ያኔ ምን እንደነጠቅኩሽ አላወቅኩም። ይቅር በዪኝ።" ጠበቅኩ። ብዙ ጠበቅኩ። "ሰሚራ?" አልኩ። ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ ሳየው ጠፍቷል፤ መስመሩ ከተቋረጠ ስንት ጊዜ እንደሆነው አላውቅም።

ደወልኩ፣ ተይዟል። ደወልኩ፣ ተይዟል። ሰምታኝ ዘግታው ይሆን? ሰምታኝ እያለቀሰች ይሆን? ክፍሉ ውስጥ ከበር እስከ አልጋ እየተመላለስኩ ስልኩ እጄ ላይ ጮኸ።

"አባ፣ ተቋረጠ እኮ። ስደውል ተይዟል ይለኛል።"

"የት ላይ ነው የተቋረጠብሽ?"

"እናትየዋ ጀልባው ላይ ወጥታ፣ ሰውየው ገመዱን ሊፈታ ሲል።"

ገመዱ የት፣ ይቅርታዬ የት። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ለግድግዳው ነው ያወራሁት ማለት ነው። ልደግመው አፌን ከፈትኩ። አንዴ የተናገሩት ነገር ሁለተኛ ጊዜ አይከብድም የሚሉ ሰዎች ተናግረውት አያውቁም።

"ፈታው?" አለችኝ።

ድሬን ከለቀቅኩ ጀምሮ ልጄ አንድ ነገር ስትጠይቀኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

"ፈታው" አልኳት፣ ሌላውን ትቼ፣ መስመሩ ሳይቋረጥብኝ ቶሎ ቶሎ ታሪኩን ቀጠልኩላት።